አንቲቦዲ በደም ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ማርዘምና ማሳጠር፦ ከንድፍ እስከ አይጥ ሙከራ

አይጂጂ1 የሚባለው የተለመደው የሰው አንቲቦዲ ዓይነት ደም ውስጥ ከገባ በኋላ መጠኑ ወደ ግማሽ ለመውረድ 21 ቀን ያህል ይፈጅበታል። ኤፍሲ በሚባለው ግንዱ ላይ ሁለት ወይም ሦስት አሚኖ አሲድ በመቀየር ይህን ግማሽ ዕድሜ 70 ቀንና ከዚያ በላይ ማድረስ፣ ሲያስፈልግም ወደ ሰዓታት ማውረድ ይቻላል። ለውጦቹ ከታወቁ ቆይተዋል፤ ዘረመላቸውን ማሠራትም ከባድ አይደለም። ሥራው የሚበላሸው ሌላ ቦታ ነው፦ ኤፍሲን የማይመለከት ችግር በኤፍሲ ለመፍታት ሲሞከር፣ አንቲቦዲን ከመፈጨት የሚያድነውን ተቀባይ አጥብቆ የሚይዝ ሁሉ ዕድሜው ይረዝማል ተብሎ ሲታሰብ፣ ለሰው የታሰበ አንቲቦዲም በተራ አይጥ ሲለካ።

መጀመሪያ፦ አንቲቦዲው በየት በኩል እየጠፋ ነው?

ኤፍሲን ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁ ላይ ያለውን የደም መረጃ ዘርግታችሁ እዩት። አንቲቦዲ ከደም የሚጠፋባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱም በመረጃው ላይ የራሱን ምልክት ይተዋል።

በትንሽ መጠን ሲሰጥ ቶሎ የሚጠፋ፣ በብዙ ሲሰጥ ግን የሚቆይ ከሆነ እየበላው ያለው ራሱ ዒላማው ነው። ሴል ላይ የተተከለ አንቲጅን አንቲቦዲውን ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሁለቱም አብረው ይፈጫሉ። በዚህ ጊዜ የኤፍሲ ለውጥ የሚሰጠው ጥቅም ትንሽ ነው። ዒላማው እስኪጠግብ ድረስ ፍጥነቱን የሚወስነው እሱ ነውና። አንቲጅኑ ሴል ላይ ሳይሆን በደም ውስጥ የሚንሳፈፍ ከሆነ ግን ሌላ መፍትሔ አለ፤ ወደ በኋላ እንመጣበታለን።

በየትኛውም መጠን ቢሰጥ ቶሎ የሚጠፋ ከሆነ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ኤፍሲ ሳይሆን ፋብ፣ ማለትም አንቲጅን የሚይዘው ክንድ ነው። ክንዱ ላይ ፖዘቲቭ ቻርጅ አንድ ቦታ ተከማችቶ ከተገኘ፣ ኔጋቲቭ ከሆነው የሴል ገጽ ጋር እየተጣበቀ ከሚገባው በላይ ወደ ሴል ይገባል። ውሃ የሚሸሹ አሚኖ አሲዶች ሲበዙም ተመሳሳይ ነገር ይሆናል። ይህን ለማወቅ አንቲቦዲውን ኔጋቲቭ ቻርጅ የበዛበት ሄፓሪን ባለበት ኮለም (ሞለኪዩሎችን የሚለይ ቱቦ) ላይ አሳልፉት፤ በደንብ ከሚቆይ ሌላ አንቲቦዲ ጋር ሲነጻጸር በጣም ዘግይቶ የሚወጣ ከሆነ ችግሩ ተገኘ። የባኩሎቫይረስ ቅንጣት ኤላይዛም (አንቲቦዲው ሳህን ላይ ከተለጠፉ የቫይረስ ቅንጣቶች ጋር መጣበቁን የሚለካ ምርመራ) ለዚሁ ያገለግላል። መድኃኒቱ ከአንቲጅን ጋር የማይነካኩ ላይሲንና አርጂኒኖችን ፈልጎ መቀየር ነው። ይህን ሳያስተካክሉ ኤፍሲን ማሻሻል ቀዳዳውን ሳይደፍኑ በርሜሉን እንደመሙላት ነው።

በደም ያለውን መጠን የሚያሳየው መስመር ለሳምንት ያህል በደንብ ሄዶ ድንገት ቁልቁል ከወረደ ደግሞ እንስሳው በአንቲቦዲው ላይ አንቲቦዲ ሠርቷል ማለት ነው። ይህ የሙከራው ችግር እንጂ የሞለኪዩሉ ባሕርይ አይደለም።

ከእነዚህ ሁሉ ነፃ የሆነና ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት የሚቆይ አንቲቦዲ ካላችሁ የኤፍሲ ለውጥ ትርፍ የሚያመጣው እዚህ ላይ ነው።

ቁም ነገሩ መያዙ ሳይሆን መልቀቁ ነው

የደም ሥርን ከውስጥ የሸፈኑ ሴሎች የደሙን ፈሳሽ ሳይመርጡ እየጎነጩ ኢንዶሶም ወደሚባል ከረጢት ያስገቡታል። ከረጢቱ ቀስ በቀስ አሲዳማ እየሆነ ሲሄድ፣ ፒኤቹ 6.0 አካባቢ ሲደርስ ኤፍሲ ላይ ያሉት ሂስቲዲኖች፣ በተለይ 310ኛውና 435ኛው፣ ፕሮቶን ይቀበላሉ። ያን ጊዜ ኤፍሲአርኤን የሚባለው ተቀባይ አንቲቦዲውን ይይዘዋል። የተያዘው ወደ ሴሉ ገጽ ይመለሳል፤ ያልተያዘው ወደ ላይሶሶም ሄዶ ይፈጫል። ገጹ ላይ ያለው የደም ፒኤች 7.4 ስለሆነ ሂስቲዲኖቹ ፕሮቶናቸውን ይለቃሉ፤ ተቀባዩም አንቲቦዲውን ይለቀዋል።

ስለዚህ ዕድሜን የሚያስረዝመው በሁለቱ ፒኤቾች መካከል ያለው ልዩነት ነው፦ በ6.0 አጥብቆ መያዝ፣ በ7.4 ወዲያው መልቀቅ። በ6.0 የመያዝ ጥንካሬን አሥር እጥፍ ያሳደገ ለውጥ በ7.4 ላይ መልቀቅን የሚያዘገይ ከሆነ፣ አንቲቦዲው ከተቀባዩ ጋር እንደተጣበቀ ተመልሶ ወደ ሴል ይገባል፤ ትርፉም ይጠፋል። 434ኛውን አስፓራጂን በትሪፕቶፋን የመተካት ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። በፒኤች 6.0 የሚይዘው በአላኒን ከተተካው በብዙ እጥፍ በልጦ ነው፤ በጦጣ ደም ውስጥ ሲለካ ግን የተሻለ ቆይታ አላሳየም።

ተፈጥሮም የራሷን ምሳሌ አስቀምጣለች። አብዛኛው የሰው አይጂጂ3 በ435ኛው ቦታ ከሂስቲዲን ይልቅ አርጂኒን አለው፤ ግማሽ ዕድሜውም 7 ቀን ገደማ ብቻ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ሂስቲዲን ያላቸው የአይጂጂ3 ዓይነቶች ግን እንደ አይጂጂ1 ይቆያሉ።

የትኛውን ለውጥ መምረጥ?

ለማስረዘም ከሆነ ከሁለቱ በአንዱ ጀምሩ። ሌሎች ብዙ አሉ፤ በሰው ላይ በሰፊው የተፈተኑት ግን እነዚህ ናቸው።

የመጀመሪያው ዋይቲኢ ይባላል፦ ኤም252ዋይ፣ ኤስ254ቲ፣ ቲ256ኢ (የመጀመሪያው ፊደል የነበረው አሚኖ አሲድ፣ ቁጥሩ ቦታው፣ የመጨረሻው ፊደል በምትኩ የገባው ነው)። ፒኤች 6.0 ላይ የመያዝ ጥንካሬን አሥር እጥፍ ገደማ ያሳድጋል። የመተንፈሻ ሲንሲሻል ቫይረስን (አርኤስቪን) ለመከላከል ለሕፃናት የሚሰጠው ኒርሴቪማብ የተሠራበት ነው፤ ግማሽ ዕድሜው 71 ቀን ገደማ በመሆኑ አንድ መርፌ የበሽታውን ወቅት በሙሉ ይሸፍናል። ከእሱ በፊት ለተመሳሳይ ዓላማ ይሰጥ የነበረው ፓሊቪዙማብ በየወሩ መወጋት ይጠይቅ ነበር። ዋይቲኢ ሁለት ዋጋ ያስከፍላል። አንደኛ፣ ሲኤች2 የሚባለው የኤፍሲ ክፍል በሙቀት የሚፈታበት ነጥብ ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊወርድ ይችላል፤ ይህ ማከማቻ ላይና በአሲድ በሚታጠብበት ጊዜ መታየት አለበት። ሁለተኛ፣ በተፈጥሮ ገዳይ ሴሎች ላይ ያለውን የኤፍሲ ጋማ 3ኤ ተቀባይ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሴል እንዲገድል የሚፈለግ የካንሰር አንቲቦዲ ከሆነ የመጀመሪያ ምርጫ መሆን የለበትም። ቫይረስ ለማምከን ብቻ ከሆነ ግን ይህ አያሳስብም።

ሁለተኛው ኤልኤስ ነው፦ ኤም428ኤል እና ኤን434ኤስ። የመያዝ ጥንካሬው ጭማሪ ከዋይቲኢ ጋር ይቀራረባል፤ ሲኤች2ን ብዙ አያዳክምም፣ የመግደል አቅሙንም ይጠብቃል። ኤችአይቪን የሚያመክነው ቪአርሲ01 በሰው ላይ 15 ቀን ገደማ የነበረው ግማሽ ዕድሜው በኤልኤስ 71 ቀን ገደማ ሆኗል። ለወባ መከላከያ በማሊ የተፈተኑት አንቲቦዲዎችም ኤልኤስ አላቸው። የተለየ ምክንያት ከሌላችሁ ከኤልኤስ ጀምሩ እንላለን።

ሁለቱን መደራረብ የብዙ ጀማሪዎች ፈተና ነው። አታድርጉት። በፒኤች 7.4 ላይ መያዝን ያሳድጋል እንጂ ዕድሜን በእጥፍ አያበዛም። እንዲያውም ዋይቲኢ ላይ ኤች433ኬ እና ኤን434ኤፍ ሲጨመሩ የሚገኘው ሞለኪዩል በሁለቱም ፒኤቾች አጥብቆ ስለሚይዝ ኤፍሲአርኤንን ይዘጋዋል። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ጡንቻን ለሚያደክመው የማያስቴኒያ ግራቪስ በሽታ የሚሰጠው ኤፍጋርቲጊሞድ በዚህ መንገድ የተሠራ የኤፍሲ ቁራጭ ነው፤ ራሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚጠፋ ሲሆን የታማሚውን አጠቃላይ አይጂጂ ግን 60 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ያንን የምትፈልጉ ከሆነ ጥሩ፤ ካልፈለጋችሁ ግን ረጅም ዕድሜ ያለው አንቲቦዲ ለመሥራት ተነስታችሁ አጭር ዕድሜ ያለው የተቀባይ መዝጊያ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

ለማሳጠር ደግሞ አይ253ኤ፣ ኤች310ኤ፣ ወይም ኤች435ኪው ተጠቀሙ፤ አንዱ ብቻ በቂ ካልሆነ ሁለቱን ሂስቲዲኖች አብራችሁ ቀይሩ። የዚህ ዋና ጥቅም ራዲዮአክቲቭ ምልክት ተደርጎ ለምስል በሚውል አንቲቦዲ ላይ ነው፤ ደሙ ቶሎ ካልጠራ ዕጢው ከጀርባው ብርሃን ተለይቶ አይታይምና። ኤች310ኤ እና ኤች435ኪው ያሉበት ትንሽ አንቲቦዲ አይጥ ላይ ከ12 ቀን ወደ 8 ሰዓት ገደማ ወርዷል። ኤፍሲን ጨርሶ ቆርጦ ፋብ ብቻ ማስቀረትም ያሳጥራል፤ ነገር ግን 50 ኪሎዳልተን የሆነ ፋብ በኩላሊት ስለሚጣራ ጨረሩ ኩላሊት ላይ ይከማቻል። ኤፍሲውን አስቀርቶ ሂስቲዲኑን መቀየር መጠኑን ከኩላሊት ወንፊት በላይ ስለሚያቆየው ጨረሩ ወደ ጉበት ያመራል።

አንቲጅኑ በደም ውስጥ የሚንሳፈፍ ከሆነ ከላይ ያቆየነው መፍትሔ ይሄ ነው፦ አንቲጅን በሚይዘው ክንድ ላይ ሂስቲዲን አስገብቶ በኢንዶሶሙ አሲድ ውስጥ አንቲጅኑን እንዲለቅ ማድረግ። አንቲቦዲው ባዶውን ወደ ደም ይመለሳል፤ አንቲጅኑ ይፈጫል። ራቩሊዙማብ የሚባለው መድኃኒት ከቀደመው ኤኩሊዙማብ የተሠራው እንዲሁ ነው፦ ክንዱ ላይ ሁለት ሂስቲዲን፣ ግንዱ ላይ ኤልኤስ። 11 ቀን ገደማ የነበረው ግማሽ ዕድሜ 50 ቀን ገደማ ሆኖ፣ በየ2 ሳምንቱ ይሰጥ የነበረው መድኃኒት በየ8 ሳምንቱ ሆነ። የትኛው የክንዱ አሚኖ አሲድ በሂስቲዲን ቢተካ እንደሚሠራ አስቀድሞ ማወቅ ስለሚከብድ፣ የክንዱን ቀለበቶች እየተራመዱ አንድ በአንድ በሂስቲዲን መተካትና በ7.4 እና በ5.8 መለካት የተለመደው መንገድ ነው። በ7.4 ላይ ጥንካሬውን ያጣ ሁሉ ይጣላል።

የቁጥር ወጥመድ

ከላይ ያሉት የአሚኖ አሲድ ቦታ ቁጥሮች በሙሉ ኢዩ በሚባለው፣ ለሁሉም አንቲቦዲ አንድ በሆነው አቆጣጠር ናቸው። በእጃችሁ ባለው ሙሉ ሰንሰለት ላይ 252ኛውን ቆጥራችሁ ብትቀይሩ ሌላ አሚኖ አሲድ ነው የምትነኩት፤ የክንዱ ርዝመት ከአንቲቦዲ አንቲቦዲ ይለያያልና። ቁጥሩን ትታችሁ ጎረቤቶቹን ፈልጉ።

ለዋይቲኢ የምትፈልጉት ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ አስፓርቴት፣ ትሪዮኒን፣ ሉሲን፣ ሜቲዮኒን፣ አይሶሉሲን፣ ሴሪን፣ አርጂኒን፣ ትሪዮኒን፣ ፕሮሊን፣ ግሉታሜት። ከለውጡ በኋላ መነበብ ያለበት፦ አስፓርቴት፣ ትሪዮኒን፣ ሉሲን፣ ታይሮሲን፣ አይሶሉሲን፣ ትሪዮኒን፣ አርጂኒን፣ ግሉታሜት፣ ፕሮሊን፣ ግሉታሜት። መሃል ያለው አይሶሉሲን 253ኛው ነው፤ እሱ ከተነካ ዕድሜው በመርዘም ፈንታ ያጥራል። አንድ ቦታ ተንሸራቶ መቀየር ትልቅ ጥፋት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ለኤልኤስ ወደ ሰንሰለቱ መጨረሻ ሂዱ፦ ሴሪን፣ ቫሊን፣ ሜቲዮኒን፣ ሂስቲዲን፣ ግሉታሜት፣ አላኒን፣ ሉሲን፣ ሂስቲዲን፣ አስፓራጂን፣ ሂስቲዲን፣ ታይሮሲን። ሜቲዮኒኑ ሉሲን፣ አስፓራጂኑ ሴሪን ይሆናል፤ በሁለት ሂስቲዲኖች መካከል የተቀመጠው አስፓራጂን እሱ ነው።

ከአይጂጂ4 የምትነሱ ከሆነ ኤስ228ፒን አብራችሁ አስገቡ፤ አለበለዚያ ግማሽ ሞለኪዩሉን ከሰውነቱ አይጂጂ4 ጋር ይለዋወጣል። የመግደል አቅምን ለማጥፋት የሚደረጉት የ234፣ 235 እና 329 ለውጦች ከኤፍሲአርኤን መያዣ ስለሚርቁ ከዋይቲኢም ከኤልኤስም ጋር ይስማማሉ።

ሁልጊዜ ሦስት ነገር አሠሩ፦ ያልተለወጠውን፣ የተለወጠውን፣ ጨርሶ የማይያዝ ኤች435ኤ ያለበትን። ሦስተኛው ከሌለ በኋላ የሚታየው ውጤት ከኤፍሲአርኤን መምጣቱን ማረጋገጥ አይቻልም።

ማምረትና ማጥራት

ለመጀመሪያው ዙር 100 ሚሊ ሊትር የኤችኢኬ293 (ከሰው የተገኘ የላብራቶሪ ሴል) እርባታ ይበቃል። ሴሎቹ በሚሊ ሊትር ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ሲደርሱና ከ95 በመቶ በላይ ሕያው ሲሆኑ፣ 50 ማይክሮግራም የከባዱን ሰንሰለት እና 50 ማይክሮግራም የቀላሉን ሰንሰለት ፕላዝሚድ በ5 ሚሊ ሊትር፣ 300 ማይክሮግራም ፒኢአይን (ፕላዝሚዱን ወደ ሴል የሚያስገባ ፖሊመር) በሌላ 5 ሚሊ ሊትር አዘጋጁ። ቀላቅላችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አቆዩትና ሴሎቹ ላይ ጨምሩ። ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆየ ቅንጣቶቹ ያብጣሉ፤ ምርቱም ይወድቃል። በ37 ዲግሪ፣ በ8 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እያወዛወዛችሁ ከ5 እስከ 7 ቀን አቆዩ። ከዚያ በላይ መጠበቅ ከሞቱ ሴሎች የሚወጣ ፕሮቲን ቆራጭ ኤንዛይም መጋበዝ ነው።

ለማጥራት ኤፍሲን የሚይዘው የፕሮቲን ኤ ኮለም ለዋይቲኢም ለኤልኤስም ይሠራል። በአይ253፣ በኤች310 ወይም በኤች435 ላይ ያሉ ለውጦች ሲሆኑ ግን አንቲቦዲው ሳይያዝ ሊያልፍ ይችላል፤ ፕሮቲን ኤ የሚይዘው ቦታ ኤፍሲአርኤን ከሚይዘው ጋር ይደራረባልና። ምርቱ ጠፋ ብላችሁ ሳትደነግጡ ከኮለሙ ያለፈውን ፈሳሽ መርምሩ፤ እዚያ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ለእነዚህ ክንዱ ላይ ያለውን ሲኤች1 ወይም ካፓ የሚባለውን የቀላል ሰንሰለት ዓይነት የሚይዝ ኮለም ተጠቀሙ፤ ያለዚያ ማሳጠሪያ ለውጥ ያለበት አንቲቦዲ አይጠራም።

ከፕሮቲን ኤ ላይ በ0.1 ሞላር ግላይሲን በፒኤች 3.0 አውጡትና ወዲያውኑ የመጠኑን አንድ አሥረኛ 1 ሞላር ትሪስ በፒኤች 9.0 ጨምሩበት። ቱቦዎቹ ውስጥ ትሪሱን አስቀድማችሁ አስቀምጡት። ዋይቲኢ አሲድ ውስጥ መዋል አይወድም።

ቀጥሎ በመጠን መለያ ኮለም አሳልፉት። ከ98 በመቶ በላዩ ነጠላ ሞለኪዩል መሆን አለበት። ይህ ለንጽሕና ሲባል ብቻ አይደለም፦ የተቋጠሩ አንቲቦዲዎች ብዙ ኤፍሲ ስላላቸው ተቀባዩን በብዙ እጅ ይይዛሉ፤ ጥቂት በመቶ ቋጠሮ ያለበት ያልተለወጠ አንቲቦዲ የተሻሻለ መስሎ ይታያል። እንስሳ ላይ ከመሄዳችሁ በፊት ኢንዶቶክሲኑም ይለካ፤ በሚሊግራም ከ1 ዩኒት በታች ይሁን።

የመያዝ ጥንካሬን መለካት

በኤስፒአር (ሞለኪዩል ቺፕ ላይ ሲያዝና ሲለቀቅ በብርሃን የሚለካ መሣሪያ) ስትለኩ ማን ቺፑ ላይ እንደሚቀመጥ ውጤቱን ይወስነዋል። ኤፍሲአርኤንን ቺፑ ላይ አጣብቆ አንቲቦዲውን ማፍሰስ ቀላል ነው፤ ግን አንድ አንቲቦዲ ሁለት ተቀባይ ስለሚይዝ ከእውነተኛው የበለጠ ጥንካሬ ይታያል። አንቲቦዲውን በትንሽ መጠን ቺፑ ላይ ይዛችሁ ኤፍሲአርኤንን አጋር ክፍሉ ከሆነው ቤታ 2 ማይክሮግሎቡሊን ጋር እንደ አንድ ሞለኪዩል አፍስሱበት። መያዣችሁ አንቲጅን ወይም ፋብን የሚይዝ ነገር ይሁን እንጂ በምንም ዓይነት ፕሮቲን ኤ አይሁን፤ የተያዘው ቦታ ራሱ የምትለኩት ነውና።

በፈሩ (ፒኤችን የሚያረጋጋው ፈሳሽ)፦ 50 ሚሊሞላር ፎስፌት፣ 150 ሚሊሞላር ጨው፣ 0.05 በመቶ ትዊን 20፣ ፒኤች 6.0። ኤፍሲአርኤኑን ከ8 ማይክሮሞላር ጀምራችሁ በግማሽ በግማሽ እስከ 62.5 ናኖሞላር ስምንት ደረጃ አቅልሉት። ያልተለወጠው በጣም ቶሎ ስለሚያዝና ስለሚለቅ የመያዝና የመልቀቅ ፍጥነቱን ለማውጣት አትታገሉ፤ ሲረጋጋ በሚደርስበት ከፍታ አስሉት። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ፒኤች 8.0 የሆነ በፈር ማሳለፍ ቺፑን ያጸዳዋል።

ከዚያ ይህንኑ ሙሉ ተከታታይ በፒኤች 7.4 ድገሙት። ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ ዋናው ግን ይህ ነው። በ7.4 ላይ ጥሩ ለውጥ በከፍተኛው መጠን እንኳ ከመነሻው መስመር ብዙ ከፍ አይልም። በግልጽ የሚነሳ መስመር ካያችሁ ያ ሞለኪዩል በ6.0 ያስመዘገበው ቁጥር ምንም ያህል ቢያምር ወደ አይጥ አይሂድ።

በፈሩን ስታዘጋጁ ፒኤቹን በምትለኩበት ሙቀት አስተካክሉ፣ ጨው ከገባ በኋላም ዳግም ለኩ። ከ6.0 ወደ 6.2 መንሸራተት ለሂስቲዲኖቹ ትልቅ ነገር ነው፤ የሁለት ቀን መረጃ የማይገጥመው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

የኤፍሲአርኤን ኮለም ያላቸው ደግሞ አንቲቦዲውን በፒኤች 5.5 ጭነው ፒኤቹን ቀስ በቀስ እስከ 8.8 ማሳደግ ይችላሉ። ያልተለወጠው 7.4 አካባቢ ይወጣል፤ ዋይቲኢ ዘግይቶ ነው። ጥቅሙ የመያዝንና የመልቀቅን ድምር በአንድ ሥዕል ማሳየቱ ነው። በኦክሲጅን የተጎዱ ሜቲዮኒኖች ያሉት አንቲቦዲም ቀድሞ በሚወጣ ትንሽ ጉብታ ራሱን ያጋልጣል። 252ኛውና 428ኛው ሜቲዮኒን ሁለቱም ተቀባዩ አጠገብ ናቸው፤ ሲጎዱ መያዝ ይቀንሳል። ዋይቲኢ አንዱን፣ ኤልኤስ ሌላውን ስለሚያስወግድ በማከማቻ ጊዜ አንድ ተጋላጭ ቦታ ይቀንስላችኋል።

እንስሳ ላይ

ተራ አይጥ አትጠቀሙ። የአይጥ ኤፍሲአርኤን የሰውን አይጂጂ ከሰው ኤፍሲአርኤን በበለጠ አጥብቆ ይይዛል፤ ስለዚህ ለሰው የተሻሻለው አንቲቦዲ እዚያ ካልተለወጠው ላይለይ፣ እንዲያውም ሊብስበት ይችላል። የሰው ኤፍሲአርኤን የተተከለላቸው፣ በተለይ ቲጂ32 የሚባሉት አይጦች ይሻላሉ። እነሱም እንከን አላቸው፦ የሰው ኤፍሲአርኤን የአይጥን አይጂጂ በደንብ ስለማይይዝ የራሳቸው አይጂጂ አነስተኛ ነው፤ ለተቀባዩ የሚሻማ የለም። ሰው ደም ውስጥ ግን በሚሊ ሊትር 10 ሚሊግራም ገደማ አይጂጂ ይሻማል። የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ የሳይኖሞልገስ ጦጣ ነው። የሁሉም ሙከራ ፈቃድ ከእንስሳት ሥነ ምግባር ኮሚቴ ቀድሞ መውጣት አለበት።

በቡድን ቢያንስ 5 አይጥ፣ በኪሎ 5 ሚሊግራም፣ በጅራት ደም ሥር። 20 ግራም ለሚመዝን አይጥ 0.1 ሚሊግራም ማለት ነው፤ በሚሊ ሊትር 1 ሚሊግራም ካዘጋጃችሁት 100 ማይክሮሊትር። የዚያ አይጥ ፕላዝማ 1 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሆነ የመጀመሪያው ናሙና በሚሊ ሊትር 100 ማይክሮግራም አካባቢ ማሳየት አለበት። 30 ወይም 40 ካሳየ መርፌው ደም ሥሩን ስቷል፤ ያ አይጥ ከስሌቱ ይውጣ።

ናሙናውን በ30 ደቂቃ፣ ከ6 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያም በ1፣ 3፣ 7፣ 14፣ 21 እና 28 ቀን ውሰዱ፤ በየጊዜው 20 ማይክሮሊትር ይበቃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት መውረድ አንቲቦዲው ከደም ወደ ሕብረ ሕዋስ የሚሠራጭበት ነው፤ ግማሽ ዕድሜን ከዚያ ማስላት ከእውነቱ ያነሰ ቁጥር ይሰጣል። ከ7ኛው ቀን በኋላ ያለውን ቀጥ ያለ መስመር ተጠቀሙ። ለምሳሌ በ7ኛው ቀን 40፣ በ28ኛው ቀን 12 ማይክሮግራም ቢገኝ፦ የ40 ለ12 ክፍፍል ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም 1.204 ነው፤ ለ21 ቀን ሲካፈል በቀን 0.0573። 0.693ን ለዚያ ስታካፍሉ 12.1 ቀን ይመጣል። ሁለት ነጥብ ለምሳሌ ነው፤ ሥራ ላይ ቢያንስ ሦስት ይሁኑ። ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ድንገት የወደቀ አይጥ ካለ ፀረ መድኃኒት አንቲቦዲ ለኩበት። ይህ ደጋግሞ ከመጣ በሽታ የመከላከል አቅማቸው የተወገደ የቲጂ32 ዝርያዎች አሉ።

መለኪያው ኤላይዛ ከሆነ ለእያንዳንዱ ለውጥ የራሱን የመለኪያ መስመር ሥሩ። አንዳንድ ፀረ ኤፍሲ መለያ አንቲቦዲዎች ልክ የተቀየረው ቦታ ላይ ይይዛሉ፤ በአንድ መስመር ሁሉን ማንበብ ልዩነት የሌለበት ቦታ ልዩነት ይፈጥራል። በአንቲጅን የሚይዝ ኤላይዛ ደግሞ ነፃውን አንቲቦዲ ብቻ ነው የሚቆጥረው፤ በአንቲጅን የተያዘው አይታይም።

ረጅም ዕድሜ ሲመጣ የሚመጣው ሌላው

ከ100 ማይክሮግራም ጀምሮ ከ10 በላይ እስካለ የሚሠራ አንቲቦዲ ከሆነ አሥር እጥፍ ለመውረድ 3.32 ግማሽ ዕድሜ ያስፈልገዋል፦ በ21 ቀን ሲሆን 70 ቀን፣ በ70 ቀን ሲሆን 232 ቀን። የመርፌ ብዛት የሚቀንሰው በዚህ ስሌት ነው። ግን ያው ስሌት በሌላ አቅጣጫም ይሠራል። አንድ መድኃኒት ከደም 97 በመቶው ወጣ ለማለት 5 ግማሽ ዕድሜ ይቆጠራል፤ 21 ቀን የነበረው 105 ቀን፣ 70 የሆነው 350 ቀን። ጎጂ ውጤት ቢመጣ መድኃኒቱን ማቆም ብቻ ለአንድ ዓመት ያህል አያስወጣውም። በሽታ የመከላከል ሥርዓትን የሚያፍን አንቲቦዲ ላይ ረጅም ዕድሜ ከመትከል በፊት ይህን ከሐኪሞቹ ጋር መነጋገር ይገባል፤ ቫይረስ ብቻ ለሚያመክን ግን አሳሳቢነቱ ያነሰ ነው። ኤፍሲአርኤን አይጂጂን በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንስ የሚያሻግረውም ተቀባይ ስለሆነ፣ በእርግዝና ጊዜ ሊሰጥ ለሚችል ሞለኪዩል የሽግግሩ መጠን ለብቻው መለካት አለበት፤ የእናትየው ደም ውስጥ ያለው ቁጥር ስለ ፅንሱ አይናገርም።